ለእባብ ቴርሞስታት፣ ለእኔ ጫጩት ከሰል

ሌሊቱን ከጫጩት ጋር ስለማድር የማወራው ሰው የለኝም። ስለዚህ እናንተው ስሙኝ።

ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ነች። ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ማታ ግን ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድ ጋቢም ብርድ ልብስም አይበግረውም። በዚህ ብርድ ነው እንግዲህ እኔ ጀግናው 50 የአንድ ቀን ጫጩት የገዛሁት። ሰው ሁሉ የ45 ቀኑን ነው የሚገዛው፤ እሱ ላባ አውጥቷል፣ ራሱን ችሏል። እኔ ግን የአንድ ቀኑ ረከሰልኝ። ስስት ነው ሌላ ምንም አይደለም።

የሸጠኝ ሰው «አምፖል አብራላቸው፣ ሌላ ነገር የለውም» አለኝ። ሌላ ነገር የለውም! ይህችን ቃል እስክሞት አልረሳትም።

ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። «የሚያሞቅ አምፖል ስጠኝ» አልኩት። ኤልኢዲ አውጥቶ ሰጠኝ። «ይሄ አያሞቅም እኮ» ስለው «የኔ ወንድም፣ ዘመናዊ ነው፣ ቆጣሪ አይበላም» አለኝ። እኔ መች ቆጥብልኝ አልኩ? ያ የድሮው ባለ ክር አምፖል የሚበላውን መብራት አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ሰው አባካኝ እያለ ያባረረው ለዚሁ ነው። እኔ የምፈልገው ያንኑ አባካኙን ነበር! የለም። አልቋል። ኤልኢዲውን ይዤ ገባሁ።

ጠዋት ስነሳ ጫጩቶቹ አንድ ጥግ ላይ እንደ ገብስ ክምር ተከምረዋል። በርዷቸው አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተው፣ ከታች ያሉት ታፍነዋል። 11 ሞቱ። ጓሮ ቀበርኳቸው። ሚስቴ ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ከስድብ ይብሳል።

በማግስቱ ከጓደኛዬ ያን ቀዩን ባለ 250 ዋት አምፖል ተዋስኩ። ትንሽ ካርቶን መሀል ላይ ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩት። አሁን ደግሞ ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ትናንት በበረዶ፣ ዛሬ በእሳት። በዚያ ላይ አምፖሉን በራሱ ገመድ ነበር ያንጠለጠልኩት። ሌሊት ተንሸራቶ ሰጋቱራው ላይ ሊያርፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ደረስኩ። ጭሱ ነው የቀሰቀሰኝ። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። አምፖል የሚሰቀለው በጠንካራ ሽቦ ወይም በሰንሰለት ነው፣ ያውም ሁለት ቦታ ታስሮ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ 8 ሰዓት ላይ ስልኬን አውጥቼ እንስሳ ስለማሞቅ መፈለግ ጀመርኩ። ምን መጣልኝ? እባብ! አንድ የውጭ አገር ሰው ቤቱ ውስጥ ዘንዶ ያረባል። ቦል ፓይተን ይሉታል፣ አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። የእኛው አህጉር ልጅ ተሰዶ ተመችቶታል። እኛ «እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» እየተባልን አደግን፣ ሰውየው ግን የመስታወት ቪላ ሠርቶለታል።

ቪላው ሁለት ጫፍ አለው። ሙቁ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 26 ገደማ። እባብ ሰውነቱን ከውስጥ ማሞቅ ስለማይችል ሲበርደው ወደዚያ፣ ሲሞቀው ወደዚህ ይሳባል። ማሞቂያው ደግሞ ለብቻው አይተውም፤ ቴርሞስታት አለው። ሙቀቱ ከተባለው ሲያልፍ መብራቱን ይቆርጣል፣ ሲወርድ መልሶ ይለቃል። አምፖሉ በሽቦ ወንፊት ታጥሯል። ለምን ቢሉ እባብ የተኛበት ነገር እያቃጠለው እንኳ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው መቆጣጠሪያ የሌለው ማሞቂያ ምንጣፍና ያንን በኤሌክትሪክ የሚግል ድንጋይ እንዳትገዙ ብሎ ይለምናል። ለእባብ ይለምናል! ለእኔ ጫጩት የለመነ ማነው?

በቅናት ብጨስም ነገሩ ገባኝ። የአንድ ቀን ጫጩትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በዚህ በዚህ ከእባብ አይለይም። አምፖሉን ወደ አንድ ጥግ ወሰድኩት፣ ካርቶኑን አሰፋሁት፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ጫፍ ሰጠኋቸው። ወዲያው እንደ ሰው በየፈለጉበት ተበተኑ።

የቀረኝ መለኪያው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። ግን በምን ልለካው? ቴርሞስታት የሚለውን ቃል የሰማ ባለሱቅ አላገኘሁም። ቴርሞሜትር ብዬ ፋርማሲ ገባሁ። «ለልጅ ነው?» አለችኝ ልጅቷ። «ለጫጩት» አልኳት። በቆረጣ አየችኝና የትኩሳት መለኪያ ሸጠችልኝ። ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። «ሎ» ብሎ ጻፈልኝ። ለካ እሱ የሰው ትኩሳት እንጂ የአየር ሙቀት አያነብም። አሁን ገበያው አምፖል ይሸጣል፣ ጫጩት ይሸጣል፣ መኖ ይሸጣል። በመሀል የምትገባዋን መለኪያ ግን የሚሸጥ የለም። ሰው ድስት ሲገዛ ክዳን አይሰጠውም እንዴ?

ይኼን ሁሉ አስተካክዬ ስጨርስ መብራት ሄደ። ከሰል አያይዤ በር ዘግቼ ልገባ ስል ጎረቤታችን እማማ ከደጅ ጮኹብኝ፤ «አንተ! ከሰል ቤት ዘግቶ ሰው ይፈጃል፣ ይሄን አታውቅም?» አውቃለሁ። የከሰል ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ጫጩቶቹንም እኔንም አብሮ ይወስደን ነበር። ግን ሰው ሲጨንቀው ያወቀውን ይረሳል። እማማ ቀጠሉ፤ «የአበሻ ዶሮ ብትታቀፋቸው መብራት ይጠፋባት ነበር?» ምን እላለሁ? የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞስታቷም እዚያው ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው። አንድ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ወዳጄ የመጣው 11ዱን ከቀበርኩ በኋላ ነው። እየሳቀ «የጭድ ሳጥን ለምን አትሠራም?» አለኝ። የጣውላ ሳጥን ነው፤ ዙሪያውና ክዳኑ ጭድ ይጠቀጠቅበታል፣ አየር መግቢያ ቀዳዳ ይተውለታል። ማታ ጫጩቶቹ እዚያ ይገባሉ፣ የገዛ ገላቸው ሙቀት አይወጣም። ቀን ወጥተው ይበላሉ። ሽቦ የለ፣ ቆጣሪ የለ፣ ጭስ የለ። እኔ የጤፍ አገር ጎጃም ተቀምጬ፣ ጓሮዬ የጭድ ክምር ቆሞ፣ አምፖል ፍለጋ ከተማ ስዞር ሰነበትኩ! አያ አምፖል አብራላቸው፣ ይሄን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ሳጥኑን በአንድ ቀን ሠራሁ። በጣም ሲበርድ ጀሪካን ሙቅ ውሃ በጨርቅ ጠቅልዬ ጎን አስቀምጣለሁ። እስካሁን 39ኙም አሉ፣ ይንጫጫሉ። ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የክፍል ሙቀት መለኪያ ካየ አንድ ይያዝልኝ። ብሩን አሁን የለኝም። በእንቁላል እከፍላለሁ፣ አምስት ወር ታገሱኝ።