እርማት፦ ዳኛ ሲቀየር ክርክሩ ከዜሮ አይጀምርም

ወንድሜ፣ ለአቃቂዋ እናት የሰጠኸውን ምክር አየሁት። «ዳኛው ስለተቀየረ የቤት ኪራዩ ክርክር ከዜሮ ይጀመራል፤ ከቀጠሮው በፊት ቢሮው ገብተው ይተዋወቁት» ብለሃቸዋል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፣ ግን ልክ አይደለም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ተተኪው ዳኛ የተመዘገበውን የምስክር ቃል ይዞ፣ የቀድሞው ካቆመበት እንዲቀጥል ይፈቅዳል። አዲሱ ዳኛ እሳቸውን የሚያውቃቸው ከመዝገቡ ነው። ቢሮ ገብቶ ለብቻ ማነጋገርማ ጭራሽ ጣጣ ነው። ተከሳሹ ከሰማ «ዳኛው ይነሳልኝ» ብሎ ያመለክታል፣ ንጹሕ ጉዳይ በከንቱ ይጠረጠራል።

ይልቅ የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ። ተከሳሹ የሰጠውን መልስ ደጋግመው ያንብቡ፣ ካልሆነም ልጅ ያንብብላቸው። የኪራይ ውሉ ዋናው ቅጂ እጃቸው ላይ ይሁን። የሰፈራችንን ፎቶ ኮፒ ታውቀው የለ፣ ፊርማው አይታይም! ስልክ ያጥፉ፤ ሲናገሩ ይነሱና «የተከበረው ፍርድ ቤት» ይበሉ።

ዋናው ግን መቅረብ ነው። ከሳሽ እሳቸው ናቸው። ተከሳሹ ቀርቦ እሳቸው ከቀሩ መዝገቡ ሊዘጋባቸው ይችላል። የጠዋት የታክሲ ሰልፍ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ በጊዜ ይውጡ።