ችግር የለውም አቦ

«ችግር የለውም አቦ፣ ዝም ብለህ ንዳ!»

ይሄን ያለኝ መካኒክ መኪናዬ ሥር ተጋድሞ እግሩና ሲሊፐሩ ብቻ ነው የሚታየኝ። በ20 ዓመት እበልጠዋለሁ፣ «አንተ» ነው የሚለኝ፣ ድሬ ላይ መቼም አንቱታ የለም፣ እሱስ ደስ ይለኛል፣ አዲስ አበባ ሄጄ «አንቱ» ያሉኝ ቀን ነው ወገቤን የሚያመኝ። ያናደደችኝ «ችግር የለውም» የምትለዋ ነች። ለማን ነው ችግር የሌለው? ለሲሊፐሩ?

ነገሩ ትንሽ ነው። ሞተሩ ሥር የምትታሰረው ሰፊ ፕላስቲክ ተሰንጥቃ፣ የፊት ክሊፖቿ ወላልቀው ተንጠልጥላለች። ስሟን አትጠይቁኝ፣ አንዱ ከለላ ይላታል፣ ሌላው ጋርድ፣ መለዋወጫ የሚሸጠው ሰውዬ ደግሞ ፎቶዋን አይቶ «አሃ፣ ያቺ የምትወድቀዋ!» አለኝ። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቀስ ብዬ ስሄድ ኽርርርር እያለች አስፋልቱን ትፍቃለች፣ ባጃጁ ሁሉ ክላክስ እየነፋ «ወንድም፣ መኪናህ እየጎተተች ነው!» ይለኛል። አውቃለሁ! ከሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ! ሐረር መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪና ድምፅ ነው ይላሉ፣ የኔዋ እዛ ብትገባ ማንም አይለያትም፣ ሱሪ የሚያሳጥር ሁሉ ይሰለፍባት ነበር።

እኔ ደግሞ የምወዳት ተረት አለችኝ፣ «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ»። ሚስቴ ይቺን ተረት ስጀምር ተነስታ ወደ ማድቤት ትሄዳለች፣ ግን ዕድሜ ልኬን ስናገራት እንዲህ ልክክ ያለችበት ቀን የለም፣ ነገሩ በእውነት ሥር ነው ያለው! ካርቶን አንጥፌ ገባሁ። የገባኝን ልንገራችሁ። ይቺ ፕላስቲክ ድንጋይ አትመክትም፣ ደህና ድንጋይ ከመጣ እሷንም የዘይቱን ቋትም ይዞ ነው የሚሄደው። ሥራዋ ውሃና ጭቃ ወደ ቺንጋውና ወደ ዲናሞው እንዳይረጭ መከለል ነው፣ ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ከሥር የሚገባውን ንፋስ ታስተካክላለች። ታዲያ ድሬ ላይ ጭቃው ከየት ይመጣል፣ እኔስ በባጃጅና በግመል መሃል ምን ፍጥነት ኖሮኝ ነው? ብትወልቅ መኪናዋ ነገ አትቆምም። እየተንጠለጠለች መክረም ግን አደጋ ነው፣ የደንገጎን ተራራ ስወጣ ንፋስ ይገባባትና ትገነጠላለች፣ ወይ ጎማ ሥር ትገባለች፣ ወይ የጋለ ማርሚታ ላይ ተኝታ ትቀልጣለች። ወይ ትታሰር ወይ ትውለቅ ነው እንጂ ሦስተኛ የለውም። ላሜራ አስቆርጠህ ብሎን ምታበት የሚሉኝ አሉ፣ ላሜራ ለድንጋይ ጥሩ ነው፣ ግን ይከብዳል፣ ይንኳኳል፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር መፍታት ነው፣ ዘይት ቢያንጠባጥብ ደግሞ እላዩ ላይ ተጠራቅሞ አንተ በሰላም ትነዳለህ።

እንዴት ተሰነጠቀች? እዚህ ጋ ደሜ ይፈላል። የሚስቴ ወንድም ለጓደኛው ሰርግ ብሎ ወሰዳት። ሲመልሳት አጥቦ፣ ጎማዋን ቀብቶ፣ የሰርጉን ሪባን እንኳን ሳይፈታ፣ አብረቅርቃ ስትመጣ መረቅኩት። መረቅኩት እኮ! ነዳጁ ባዶ፣ ሥሯ የተቀደደ። ውስጡን ለቄስ ማለት ይሄ ነው። እኛ ሰዎች ግን ለማይታይ ነገር ብር ማውጣት ለምን እንዲህ ይከብደናል፣ የመንገድ ዳሩ አጥር በየበዓሉ ቀለም ይቀባል፣ የጓዳው ግድግዳ ብሎኬቱ እንደፈጠጠ ልጅ ይወለድበታል፣ ልጁም አድጎ የሰው መኪና ተውሶ ሰርግ ይሄዳል። ብጠይቀው «በደቻቱ አሸዋ አቋርጬ ነው፣ ደረቅ ወንዝ ነው፣ ችግር የለውም ብዬ» አለኝ።

ደቻቱ ችግር የለውም? አንተ የድሬ ልጅ ሆነህ? ዓመቱን ሙሉ ግመልና ሰው የሚሻገርበት ያ አሸዋ፣ ዝናቡ ከላይ ተራራው ላይ ጥሎ በ1998 ሐምሌ ሌሊት ሰው እንደተኛ ሲመጣ ከ200 በላይ ነፍስ ወስዷል። ከዛ ወዲህ ደቻቱን ደረቅ ነው ሲሉኝ እኔ ወደ ደመናው ወደ ደንገጎ በኩል ነው የማየው። ይሄን ለአማቼ ብነግረው ስልኩን እያየ «ልክ ነህ» አለኝ። ልክ ነህ ከችግር የለውም ትብሳለች።

ስህተቴ ጉዳዩን በርጫ ላይ ማንሳቴ ነው። ጫቱ ሲጀመር ሁሉም «ችግር የለውም፣ በሽቦ እሰራት» ነበር የሚለው። ወደ አስር ሰዓት ምርቃናው ሲመጣ ጉዳዩ አገራዊ ሆነ፣ ድሬ ላይ የሥር ፕላስቲክ ፋብሪካ ተተከለ፣ ምርቱ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፣ እኔ ሽያጭ ላይ ተመደብኩ። አንዱ የድሮ ምድር ባቡር ሠራተኛ ብቻ ዝም ብሎ ቆየና «ባቡሩ እዚህ በ1895 ገብቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፣ አንተ በአምስት ቀን ፕላስቲክ ላይ ወስን ብለን ለምን እናጨንቅህ?» አለ። ከሁሉ ደህና የተናገረው እሱ ነው፣ የመለሰልኝ ነገር ባይኖርም። ጀምበር ስትጠልቅ ሁሉም ጫማውን ፈልጎ ወጣ፣ ፋብሪካውም ተዘጋ፣ እኔ ኽርርር እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ፕላስቲኳስ? አዎ፣ እሷን ረስቼ። በነጋታው እዛው ጋራዥ ወሰድኩና ባለ ሲሊፐሩ ልጅ ሁለት ቦታ በስቶ በሽቦ አሰራት፣ ያገለገለች ሙሉ እስክናገኝ ነው ተባለ፣ ከዛ ማን ይፈልጋት። ወር ሳይሞላ ዘይት ልቀይር ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ ካርቶኑ ላይ ተንሸራቶ ገባ፣ እግሩ ብቻ ቀረ፣ ትንሽ ቆይቶ ከሥር ሲስቅ ሰማሁት።

«አቦ ይሄን ደግሞ የቱ ፋራ ነው በሽቦ ያሰረልህ?»