ጎረቤትን መራቅ ዝግጅት አይደለም
«አደጋ ሲመጣ ሰው እርስ በርሱ ይበላላል፤ ስለዚህ ግብዣና ወዳጅነት ትቶ ስንቅን መደበቅ ይሻላል» ላሉት ወንድሜ፦ ብዙዎች የሚያምኑት ይህ አባባል ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓኗ ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ ከፍርስራሽ ሥር ተጎትተው ከተረፉት አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ማን በየትኛው ክፍል እንደሚተኛ የነፍስ አድን ሠራተኛ ከየት ያውቃል? ጎረቤት ግን ያውቃል። በዚያው ዓመት ቺካጎን ባጠቃው ኃይለኛ ሙቀትም ለሞት ይበልጥ የተጋለጡት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጠያቂ ያጡ ሰዎች ነበሩ።

ውሃውን፣ ባትሪውን፣ መድኃኒቱን ያስቀምጡ፤ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ከወዳጅ ጋር የሚጫወቱበትን ምሽት ግን እንደ ባከነ ጊዜ አይቁጠሩት፤ በአደጋ ጊዜ «የት ደረሰ?» ብሎ የሚፈልግዎትን ሰው የሚያፈሩት እዚያ ነው። እባክዎን የጎረቤቶችዎን ስልክ ቁጥር ይያዙ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ካሉም የሚወስዱትን መድኃኒት ጠይቀው ይወቁ።