ስቲከሯ የእናት፣ ሰልፊው የልጅ

ባለፈው ኖቬምበር በምርጫው ቀን ስልኩን የከፈተ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል። የኛ የቨርጂኒያ ኮሌጅ ልጆች፣ ደረታቸው ላይ «ድምፅ ሰጥቻለሁ» የምትለዋን ስቲከር ለጥፈው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ከስሩ «ያልመረጠ ሰው አያውራ!»። እንዲህ አይነት ንቁ ትውልድ ስላፈራን እግዜር ይመስገን። እኔማ አንደኛውን ከነእናቱ ስለማውቀው ኩራቴ ለብቻው ነው፣ ምክንያቱም ስቲከሯ የእናቱ ናት። እናት ናይት ሺፍት አድራ፣ ጠዋት ተሰልፋ መርጣ፣ ኮቷን ሶፋ ላይ ጥላ ጋደም ስትል ልጅ ሆዬ ከኮቱ ላይ ላጥ አድርጎ ደረቱ ላይ። በዛ ላይ ቤት የመጣው እኮ የምርጫ ቀን ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የስቴት በዓል ስለሆነ ኮሌጁ ክፍል የለም ብሎት ነው። ምረጥበት ተብሎ በተሰጠው ቀን ሦስት ከረጢት ልብስ አሳጠበበት። ቢያንስ ቀኑ አልባከነም።

የዚህን ልጅ ፖስታ ታሪክ ግን በዝርዝር ማወቅ አለባችሁ። መጀመሪያ ነገር ለመመዝገብ እንኳን አልደከመም፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ እዛው መዝግበውታል። እናቱ ስትነዘንዘው ጊዜ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ዶርም እንዲላክለት በስልኩ ጠየቀ፣ ተላከለት። ጫማ ካላዘዘ በቀር ፖስታ ቤት የሚባል ቦታ ስለማይረግጥ ወረቀቱ እዛ ከርሞ ከርሞ አንድ ቀን ከጫማው ጋር አብሮ ዶርም ገባ። ከዛ ሥራ ጀመረ ፖስታው። በመጀመሪያ የኢንዶሚ ሳህን ማስቀመጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ሩምሜቱ የዋይፋይ ፓስዋርድ ጻፈበት፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ይወዛወዝ ስለነበር ታጥፎ ከእግሩ ስር ገባና ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ይኸው፣ ድምፁ ለውጥ አመጣ!

ለምን አልላክኸውም ሲባል መልሱ «ቴምብር ከየት ላምጣ» ነው። ይሄ ሰበብ ታሪካዊ ነው፣ አትናቁት። 2018 ላይ የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ የኮሌጅ ተማሪ ኢንተርኖቹን ሰብስቦ ሲጠይቅ ወረቀቱን ሞልተው ቴምብር የት እንደሚገዛ ስላላወቁ ያስቀሩ ልጆች እንዳሉ ነው የነገሩት። ስቴቱም ግራ ቢገባው ጊዜ የመመለሻውን ፖስታ ሂሳብ እራሱ መክፈል ጀመረ። በፊት ምስክር አስፈርሙ ይባል ነበር፣ እሱም ቀረ፣ አሁን የትውልድ ዓመትህንና የሶሻል ሴኩሪቲህን የመጨረሻ 4 ቁጥር ጽፈህ መፈረም ነው። ይሄን ስነግረው «እሺ ግን የፖስታ ሳጥን የለም እኮ» አለኝ። አለ። በየማታው ተደግፎት ቬፕ የሚያጨስበት ሰማያዊ ነገር እሱ ነው። እሱም ይቅር፣ በዓሉን ሲመጣ ፖስታውን ከልብሱ ጋር ከረጢት ውስጥ ቢከተው እናቱ በተሰለፈችበት ጣቢያ ሳጥን ውስጥ ጣል አድርጎት መሄድ ይችል ነበር፣ ግን ጠረጴዛው ይወዛወዛላ!

ያናድዳል እኮ! ቴክሳስ ዋለር ካውንቲ ውስጥ የጥቁሮቹ ኮሌጅ የፕሬሪ ቪው ልጆች ልንመዝገብ ሲሉ ንብረት አላችሁ ወይ፣ ስትመረቁ የት ልትኖሩ ነው የሚል መጠይቅ ሲያስሞሏቸው ከርመው፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1979 ነው ተማሪ በሚማርበት ቦታ የመመዝገብ መብቱ የጸናላቸው። ዛሬም እዛው ቴክሳስ የሽጉጥ ፈቃድ አሳይተህ ትመርጣለህ፣ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ አሳይተህ ግን አትመርጥም። ሰው እንዲህ የሚንገላታበትን ነገር አንተ ሂሳቡ ተከፍሎ እጅህ ላይ ሲያስቀምጡልህ የኢንዶሚ ማስቀመጫ? አባትህ ታክሲ ነድቶ ገብቶ ለዜግነት ፈተና 100 ጥያቄ ሲሸመድድ «ለመምረጥ ስንት ዓመት መሙላት ያስፈልጋል» የምትለዋን ያስጠናኸው አንተ ነህ እኮ!

ለማንኛውም ብቻውን አይደለም፣ ጓዶች አሉት። አንዷ ቤተሰቦቿ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው፣ እሷ ቨርጂኒያ ዶርም። ከሁለቱ አንዱን አድራሻ መርጠሽ ተመዝገቢ፣ ሁለቱም ጋ ግን አይሆንም ስትባል «ለመሆኑ ቤቴ የት ነው?» የሚል ጥልቅ ሀሳብ ውስጥ ገባች፣ እስካሁን አልወጣችም፣ ፖድካስት ልትጀምርበት ነው አሉ። አጎቶቻችንም ካፌ ተቀምጠው የልጆቹን ግዴለሽነት አምርረው ይተቻሉ፣ ቀድሞ መምረጥ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ተጀምሮ እንዳለቀ ሳይሰሙ።

የኛው ጀግና ግን ተስፋ አለው። ቨርጂኒያ ደግሞ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር ምርጫ አታጣም። «ለቀጣዩ በጊዜ ልጠይቅ፣ ሊንኩን ላክልኝ» አለኝ። ላክሁለት። ልብ አደረገበት።