ይድረስ ለእነ ባንግ

ይድረስ ለተከበራችሁት የእንግሊዝኛ የድምፅ ቃላት፣ ለባንግ፣ ለክላንግ፣ ለክላተርና ለመላው ቤተሰባችሁ፦

ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከእናንተ ጩኸት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ትናንት አንዲት የእንግሊዝኛ አጭር ልብ ወለድ እየተረጎምኩ ነበር። ድስት ከመደርደሪያ ይወድቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኛ ብንሆን ድስቱን «ቋ» አድርገን ጥለነው ወደ ሌላ ወሬ እናልፍ ነበር። እናንተ ግን ድስቱን አየር ላይ አቁማችሁ ምርመራ ጀመራችሁ። ድምፁ እየተጎተተ ካስተጋባ ክላንግ። እዚያው ከተቆረጠ ክላንክ። ክዳንና ማንኪያ አስከትሎ ከተንኳኳ ክላተር። የሚሰበር ነገር ላይ ካረፈ ክራሽ። ምንጣፍ ላይ ከወደቀ ደግሞ ተድ (ምላሳችሁን በጥርሳችሁ መሐል አድርጋችሁ በሉት፤ አልሆነም? እኔም አልሆነልኝም)።

ከሁሉም ያቃጠላችሁኝ ሁለታችሁ ክላንኮች ናችሁ። አንዳችሁ በ«ኤ»፣ አንዳችሁ በ«ዩ» ትጻፋላችሁ። የ«ኤ»ው ብረት ለብረት ሲጋጭ ነው፤ የ«ዩ»ው ደግሞ ወፈር፣ ደፈን ያለ ነው አሉ። 33 በ7 አባዝተን፣ 231 ፊደል ታጥቀን፣ ስትጻፉ ሁለታችሁም ያው ክላንክ!

ሥርዓት የላችሁም አልልም። መጨረሻችሁ «ክ» ሲሆን ድምፁ ቀጥ ይላል፤ «ንግ» ሲሆን እያነዘረ ይቆያል። ይህን የደረስኩበት ቀን ለአምስት ደቂቃ ያህል ወድጃችሁ ነበር።

ባንግማ ድፍረቱ! እ.ኤ.አ. በ1949 ፍሬድ ሆይል የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ራሱ ያልተቀበለውን የአጽናፈ ዓለም አጀማመር ሐሳብ በቢቢሲ ሬዲዮ ሲያስረዳ «ቢግ ባንግ» አለው። ስሙ ተጣብቆ ቀረ። ጠጣር ነገር ገና ባልተፈጠረበት ሰዓት ማን ከማን ተላትሞ ነው ባንግ ያለው? ክራሽም ያው ነህ። ባለፈው ኮምፒውተሬ ክራሽ አደረገ። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩት። ጭጭ!

ለማንኛውም፣ ድስቱን «ቋ ብሎ ወደቀ» ብዬ ትርጉሙን ላክሁ። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። አርታኢዋ ዛሬ ጠዋት መልስ ሰጠችኝ፦

«ቋ ነው ጓ? ድስቱ እኮ ትልቅ ነው።»