የባችን ኮንቼርቶ ፒያኖ አያረክሰውም

በባሮክ ሙዚቃ (ከ1600 እስከ 1750 እ.ኤ.አ. ገደማ በነበረው የአውሮፓ ሙዚቃ) ወዳጆች ዘንድ ዛሬም ያልበረደ ክርክር አለ፤ ከፒያኖ በፊት ለነበረው ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ ለሃርፕሲኮርድ፣ የተጻፈ ኮንቼርቶ (መሪ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) በዘመናዊ ፒያኖ መቅረብ ይገባዋል ወይ? የሚቃወሙት ወገኖች የዘመኑ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ባች ያላሰበውን ድምፅ ማምጣት ሥራውን ማዛባት ነው ይላሉ። አልስማማም። ምስክሬም ባች ራሱ ነው።

በላይፕሲግ በ1738 እ.ኤ.አ. ገደማ የዲ ማይነር ኮንቼርቶውን ለሃርፕሲኮርድ በእጁ ሲጽፍ ሙዚቃው አዲስ አልነበረም። አስቀድሞ በካንታታዎቹ (ለዘማሪዎችና ለመሣሪያዎች በጻፋቸው የቤተ ክርስቲያን ሥራዎች) ውስጥ ለኦርጋን አውሎታል። ከዚያም በፊት፣ ዛሬ የጠፋ የቫዮሊን ኮንቼርቶ እንደነበረ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ። አንድን ሥራ እንዲህ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ያሸጋገረ ሰው በፒያኖ ይቆጣል ብዬ አላምንም።

ፒያኖ ተጫዋቹ ግን እንዳሻው ይሁን አልልም። ሃርፕሲኮርድ እንደ ክራር ክሩን ቆንጥሮ ይለቃል፤ ቁልፉን አጥብቀው ቢጫኑትም ድምፁ እምብዛም አይጎላም። ፒያኖ በመዶሻ ስለሚመታ ኃይል በጨመሩ ቁጥር ይገንናል፣ ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። ጣጣው የሚብሰው በግራ እጅ ነው። ባች ግራ እጅን ብዙ ጊዜ ከቼሎው (ከቫዮሊን የሚተልቀው ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ) ጋር በአንድ መስመር ያስኬደዋል። ሃርፕሲኮርድ በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱን ኖታ መነሻ ጥርት ያደርገዋል፤ ትልቅ ፒያኖ ግን፣ በተለይ ፔዳሉ ሲረገጥ፣ ባሱን ያደፈርሰዋል፣ ቫዮሊኖቹንም ይውጣቸዋል። ፒያኖ ተጫዋቹ ግሌን ጉልድ ይህንኑ የዲ ማይነር ኮንቼርቶ በ1957 እ.ኤ.አ. ከኦርኬስትራ መሪው ሌናርድ በርንስታይን ጋር ሲቀዳ ይህን አደጋ ያመለጠው ኖታዎቹን ነጣጥሎ፣ ፔዳሉን ቆጥቦ በመጫወቱ ነው።

ፒያኖ የሚጨምረውም አለ። በዲ ማይነሩ ኮንቼርቶ የመጀመሪያ ክፍል አንድ ኖታ እየተደጋገመ በመካከሉ ዜማ የሚንቀሳቀስባቸው ቦታዎች አሉ፤ የቫዮሊን አጨዋወት አሻራ ናቸው። ሃርፕሲኮርድ ሁለቱንም በእኩል ድምፅ ያሰማል። ጥሩ ፒያኖ ተጫዋች ተደጋጋሚውን አለስልሶ ዜማውን ያወጣዋል፣ የጥንቱ ቫዮሊንም ይሰማል።

በሌላው የባች ሥራ፣ በአምስተኛው ብራንደንበርግ ኮንቼርቶ፣ ግን አቋሜ ይላላል። እዚያ ሃርፕሲኮርዱ ፍሉቱንና ቫዮሊኑን እያጀበ ይጀምርና ቀስ በቀስ እየበረታ ሄዶ፣ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ አካባቢ ሁሉንም ዝም አሰኝቶ ረጅሙን ብቸኛ ጨዋታ ይይዛል። ግርምቱ ያለው አጃቢው መሪ በመሆኑ ነው። ፒያኖ ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ ጌታ መስሎ ስለሚታይ ያ ግርምት ይከስማል። ለዚህ ሥራ ሃርፕሲኮርዱን እመርጣለሁ።