ደሴ የማይደርሰው መንገደኛ

ሜክሲኮ አካባቢ “መሳፈሪያ ጎደለኝ” የሚል ሰው አይጠፋም። የሚሄደው ደሴ ነው። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢራመድ በ20 ቀን ቤቱ ይገባል። እሱ ግን ከአምና ፋሲካ ጀምሮ ያው 100 ብር እንደጎደለው ነው። የሚሰጠውም ሰው ሁሉ የመጨረሻዋን 100 ብር የሞላሁለት እኔ ነኝ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል።

መስጠት ያልፈለገ ደግሞ “እግዜር ይስጥህ” ይላል። እንዲህ ያለ ጨዋ እምቢታ የትም አይገኝም፤ ጉዳዩን ለሚመለከተው የበላይ አካል መርቶ መገላገል ነው።

ደሴኛውን ለመለየት ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። “ና፣ ትኬቱን እኔ ልቁረጥልህ” ማለት ይበቃል። እውነት መንገድ የጠፋበት ሰው ሻንጣውን አንስቶ ይከተላል። ሌላው “አይ፣ ብሩን ብቻ ስጠኝ፣ እዚያ እኔ አውቃለሁ” ይላል። መናኸሪያውንማ ማን እንደ እሱ ያውቃል! ትኬቱን ቆርጦ እጁ ላይ ማስቀመጥም ዋጋ የለውም፤ ግቢውን ሳይለቅ በርካሽ ይሸጠዋል። በስሙ ማስጻፍ፣ ረዳቱን ማናገር፣ ከዚያም አውቶቡሱ እስኪወጣ መቆም ያስፈልጋል። ይህ እንግዲህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ 10 ብር እንሰጣለን፤ 10 ብር የእሱን መንገድ ባይከፍትም የእኛን ይከፍታል።

የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ የሚመጣው ረቀቅ ይላል። ማዘዣው በላሚኔት ከተለበጠ በሽታው ቋሚ ሥራ ሆኗል ማለት ነው። ካልተለበጠ ግን ቀኑንና ማኅተሙን ማየት፣ ከዚያ አብሮ ፋርማሲ መግባት ነው። እዚህ ላይ ደጎች የሚሠሩት ስህተት አለ፦ ማዘዣው ፀረ ባክቴሪያ ከሆነ “ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ሌላ ሰው ይግዛልህ” ይላሉ። ያ ሌላ ሰው ካልመጣ በሽተኛው መድኃኒቱን አቋርጦ ተሕዋሲያኑን ያለማምዳል። ወይ ሙሉውን መግዛት ነው፣ ወይ አለመጀመር። ፋርማሲስቱ ማሸጊያውን ከፍቶ አወሳሰዱን እንዲጽፍበት ማድረግም ይጠቅማል፤ የተከፈተ መድኃኒት መልሶ የሚገዛ የለም። ለሕፃን ተብሎ የሚለመን የቆርቆሮ ወተትም እንደዚያው ነው፤ ክዳኑ ካልተነሳ ሕፃኑ ጋ ሳይደርስ የሱቁ መደርደሪያ ላይ ይመለሳል።

የጎዳና ልጆች ነገር ለቀልድ አይመችም። ማታ የተሰጠ ብር ማስቲሽ ሊሆን ይችላል፤ ትኩስ ምግብ ግን ማስቲሽ አይሆንም። አብሮ ተቀምጦ ሽሮ ማብላት ከሆቴል ትራፊ ቡሌ ያድናቸዋል። ሆፕ ኢንተርፕራይዝ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ቸርችል ጎዳና ላይ የምግብ ኩፖን ይሸጥ የነበረው ለዚሁ ነው፦ ሰጪው ብር ሳይሆን ምሳ ይሰጣል። ደጅ ላይ ለወደቀ አረጋዊ ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ ደግሞ ሳንቲም ጥሎ ማለፍ ምንም አይፈይድም። መቄዶንያ የተቋቋመው ለእነሱ ነው፤ ወደ እርዳታ መሰብሰቢያ ቁጥሩ 8161 መልእክት መላክ ሳንቲም ከመፈለግ ይቀላል።

ዳቦ እምቢ ያለ ሁሉ ግን አጭበርባሪ አይደለም። በ21 ማርያም ደጅ የተቀመጡ እናት ጆንያቸው እስኪሞላ ዳቦ ይጎርፍላቸዋል፤ በ22 ሳሙናም የማደሪያ ኪራይም የሚያስታውሳቸው የለም። “ዳቦ በቃኝ፣ ብር ስጪኝ” ሲሉ ያኮረፈች ምእመን እኚህን እናት ስግብግብ ብላ ትሄዳለች። “ምን ጎደለዎት፣ እማማ?” ብሎ መጠየቅ ነፃ ነው፤ ችግሩ መልሱን ቆሞ መስማት ይጠይቃል።

ወደ ደሴኛው ስንመለስ፣ ደሴ ፒያሳ ደግሞ አዲስ አበባ መግቢያ የጎደለው አለ አሉ። ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ትኬት ባላስፈለገ።